50 ቶን ክሬን ለምን 50 ቶን አያነሳም? የቡም ዓይነቶችና የማንሳት አቅም፣ ደረጃ በደረጃ

ክሬን የሚከራይ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ስንት ቶን ነው?» አከራዩ «ሃምሳ» ይላል። ዕቃው ሦስት ቶን ስለሆነ ተከራዩ ልቡ ያርፋል። ከዚያ ክሬኑ ሳይት ገብቶ፣ ቡሙ (ዕቃውን የሚያነሳው ረጅም ክንድ) ተዘርግቶ፣ ከአቅም በላይ መሆኑን የሚናገረው ማንቂያ ሲጮኽ ጭቅጭቅ ይጀመራል።

ክሬኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የሚሠራው ቡሙ በጣም አጭር ሆኖ ጭነቱ ከክሬኑ መዞሪያ 3 ሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ ነው። 3 ሜትር ደግሞ ገና ከአውትሪገሩ (ክሬኑ እንዳይገለበጥ ወደ ጎን ከሚዘረጋው እግር) አካባቢ ያልወጣ ርቀት ነው። እውነተኛ ሥራ እዚያ ላይ ብዙም አይሠራም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቅም የሚወስኑት የቡሙ ዓይነት፣ ርዝመቱና ማዕዘኑ ናቸው። ስለዚህ ፎርማንም ሁኑ፣ ሳይት ኢንጂነር፣ አዲስ ኦፕሬተር ወይም ለአንድ ቀን ክሬን የምትከራዩ ባለቤት፣ ሥራውን ከቶን አትጀምሩት። ከቦታው ጀምሩት።

ደረጃ 1፦ ራዲየሱን ለኩ

ራዲየስ ማለት ክሬኑ ከሚዞርበት ማዕከል ጭነቱ እስከሚንጠለጠልበት መስመር ድረስ ያለው አግድም ርቀት ነው። ከመኪናው ጎን አይለካም። ከአውትሪገሩ እግርም አይለካም። ሜትሩን ከጎማው የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ በዚህ ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠፋል።

ሁለት ራዲየስ ጻፉ። አንዱ ዕቃው ከሚነሳበት ቦታ፣ ለምሳሌ ካመጣው የጭነት መኪና ላይ። ሌላው ዕቃው ከሚያርፍበት። ክሬኑ ሲዞር ጭነቱ ከሁለቱም ይበልጥ የሚርቅበት ነጥብ ካለ እሱንም ጨምሩ። ሥራው የሚሰላው በትልቁ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ክብደት በራዲየስ ሲባዛ ሞመንት ይባላል። 50 ቶን በ3 ሜትር 150 ቶን ሜትር ይሆናል። ይህን ለ12 ሜትር ብናካፍለው 12.5 ቶን ይመጣል። የክሬኑን የጭነት ሠንጠረዥ (አምራቹ በየራዲየሱና በየቡም ርዝመቱ ያለውን አቅም የሚሰጥበትን) ስንከፍት ግን በ12 ሜትር የምናገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው የት ገባ? ብዙውን ቡሙ ራሱ በላው። ቡም በቶን የሚቆጠር ብረት ነው። ሲረዝምና ሲያጋድል የራሱ ክብደት ከማዕከሉ እየራቀ ይሄዳል። ክሬኑን ለመገልበጥ የሚታገለው የጭነቱና የቡሙ ድምር ነው። አንዱ የቡም ዓይነት ሩቅ ላይ ጉልበቱ ሲያልቅ ሌላው ገና የሚሠራበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ የቡሙን ዓይነት ለዩ

ቴሌስኮፒክ ቡም። መንገድ ላይ የምናየው አብዛኛው የመኪና ክሬን ይህ ነው። ኤክስሲኤምጂ፣ ሳኒ፣ ዙምላየን፣ ታዳኖ የሚሉ ጽሑፎች የምታዩባቸው ክሬኖች ብዙዎቹ ይህን ዓይነት ይይዛሉ። እንደ ሬዲዮ አንቴና አንዱ ክፍል ከሌላው ውስጥ በሃይድሮሊክ ይወጣል። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ጠዋት መጥቶ፣ አውትሪገር ዘርግቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ከምሳ በፊት ሌላ ሳይት ሊሄድ ይችላል።

ዋጋ የሚያስከፍለው ክብደቱ ነው። ቡሙን ቀና አድርጎ የሚይዘው ከሥሩ አጠገብ ያለው ሲሊንደር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት በሙሉ ያለ ሌላ ድጋፍ በአየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ ጭነቱ ቡሙን ያጎብጠዋል። ይህንን ለመቋቋም ግድግዳው ወፍራም ብረት መሆን አለበት። ክፍሎቹ የሚደራረቡበትም ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ብረቱ እጥፍ ነው። አዳዲስ ክሬኖች ላይ የቡሙ ሆድ ከታች ክብ ሆኖ የሚሠራው ቀጭን ብረት ቶሎ እንዳይጨማደድ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። አንድ ዓይነት ጠቅላላ ርዝመት በተለያየ የክፍሎች አወጣጥ ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ 30 ሜትር፣ ሁሉም ክፍሎች እኩል ወጥተው ወይም አንዱ እስከ ጥግ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ቀርቶ። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ አወጣጥ የተለያየ አቅም ሊሰጥ ይችላል። «30 ሜትር ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ጭነት አንጠልጥሎ ቡም ማውጣትም የአምራቹ መጽሐፍ በግልጽ ካልፈቀደ አይሞከርም።

ሌላው መጉበጥ ነው። ረጅም ቡም ጭነት ሲይዝ ጫፉ ወደ ታችና ወደ ፊት ይወርዳል። መሬት ላይ የለካችሁት 12 ሜትር ዕቃው ሲነሳ 12.5 ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡን የምታነቡት ከጎበጠ በኋላ ባለው ራዲየስ ነው። ዕቃው ከመሬት ሲላቀቅ ወደ ውጭ የሚወነጨፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኦፕሬተሩ ገመዱ ሲወጠር ቡሙን በትንሹ ቀና እያደረገ ያስተካክላል።

ላቲስ ቡም። ከብረት ቱቦ የተበየደ ፍርግርግ ቡም ነው። በሰንሰለት የሚሄዱት ክሮለር ክሬኖች ላይ እናየዋለን። እኔ በግሌ ከሁሉም የማደንቀው የምህንድስና ሥራ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ጥንካሬውን ያገኘው ከብረት ብዛት ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ላቲስ ቡም ከሥሩ በሲሊንደር አይደገፍም፤ ከጫፉ ወደ ኋላ በተወጠሩ ገመዶች ይያዛል። ጭነቱ ወደ ታች ሲስብ ገመዶቹ ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ቡሙ ከመጉበጥ ይልቅ በርዝመቱ ይጨመቃል። ብረት ደግሞ በርዝመቱ ሲጨመቅ፣ ካልተጠማዘዘ በስተቀር፣ ብዙ ይችላል። ስለዚህ እኩል ርዝመት ካለው ቴሌስኮፒክ እጅግ ይቀላል፤ የቀለለው ክብደት ለጭነቱ ይተርፋል።

ልዩነቱ ትልልቆቹ ላይ በደንብ ይታያል። የሊብሄር ኤልቲኤም 11200 እስከ 100 ሜትር የሚዘረጋ ቴሌስኮፒክ ቡም አለው። 1,200 ቶን የሚባለው አቅሙ ግን የሚገኘው በ2.5 ሜትር ራዲየስ ነው። የዚያው ኩባንያ ባለላቲስ ክሮለር፣ ኤልአር 13000፣ እስከ 3,000 ቶን ይደርሳል።

ዋጋውስ? ላቲስ በክፍል በክፍል በሎቤድ ይመጣል። በፒን ለመገጣጠም ሌላ ረዳት ክሬን ያስፈልጋል። ቡሙን በርዝመቱ መሬት ላይ የሚያስተኙበት ነፃ ቦታም ይጠይቃል። ጠባብ ሰፈር ውስጥ ለግማሽ ቀን ሥራ የማይታሰብ ነው። ለወራት ለሚቆይ የድልድይ ወይም የፋብሪካ ተከላ ግን ያዋጣል።

ጠላቱ የጎን ጉልበት ነው። ዕቃን ከጎን መጎተት፣ በድንገት መዞርና በድንገት መቆም ፍርግርጉን ያጣምመዋል። ዋናዎቹ ወፍራም ቱቦዎች ላይ ትንሽ ስርጉድ ወይም አንድ የተጣመመ ሰያፍ ቱቦ ካያችሁ ሥራው ይቁም። ሠፈር ያለ በያጅ ጠርቶ ማስበየድ መፍትሔ አይደለም። እነዚህ ቱቦዎች ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት ናቸው፤ ያለ አምራቹ አሠራር የነካቸው ሙቀት ጥንካሬያቸውን ይቀንሰዋል። ብየዳው ከውጭ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ደክሟል።

ክናክል ቡም። በጭነት መኪናው ጀርባ ላይ የሚገጠመው፣ እንደ ክርን የሚታጠፈው ክንድ ነው። ሂያብና ፓልፊንገር የታወቁት ናቸው። አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ በቶን ሳይሆን በቶን ሜትር ይነገራል፤ ይህ ደግሞ ሐቀኛ አነጋገር ነው። 20 ቶን ሜትር ማለት 20 ቶን ማንሳት አይደለም። በ10 ሜትር 2 ቶን አካባቢ ማለት ነው፣ የክንዱ ክብደት ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ጥቅሙ ዕቃውን ጭኖ መጥቶ ራሱ ማውረዱ ነው። በዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ወይም በመስኮት በኩል ዕቃ ማስገባትም ይችላል፤ ቀጥ ያለ ቡም ይህን አይችልም።

የታወር ክሬን ጂብ። ጂብ የታወር ክሬኑ ክንድ ነው። አግድም ጂብ ባለው ታወር ክሬን ላይ ራዲየሱን የሚቀይረው ጋሪው ነው። ጋሪው ወደ ግንዱ ሲጠጋ አቅሙ ይጨምራል፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይቀንሳል። ጂቡ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት ግን ጠባብ ቦታ ላይና ሌላ ታወር ክሬን አጠገብ ሲሆን ይመረጣል፣ በጎረቤት ሰማይ ላይ ሳይንሳፈፍ መዞር ስለሚችል። ታወር ክሬን የምትመርጡ ከሆነ ከፍተኛውን ቶን ትታችሁ የጫፉን ቶን ጠይቁ።

ተጨማሪ ጂብ። ቴሌስኮፒክ ቡም ጫፍ ላይ የሚቀጠል ቀጭን ክንድ ነው። ከፍታ ይሰጣል፣ ከሕንፃ ጠርዝ በላይም ያሻግራል። አቅም ግን አይጨምርም፤ በጣም ይቀንሳል። የራሱ ሠንጠረዥ አለው፣ ወደ ፊት በታጠፈበት ማዕዘን ልክም ይለያያል። ሳትጠቀሙበት በቡሙ ጎን ታጥፎ ቢቀመጥ እንኳ ከአቅሙ ላይ የሚቀነስ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም።

ደረጃ 3፦ ጠቅላላ ክብደቱን ደምሩ

ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው አይደለም፤ ከቡሙ ጫፍ በታች የተንጠለጠለው ነገር ሁሉ ነው። መንጠቆው ከነብሎኩ (ገመዱ የሚዞርበት ፑሊ)፣ ስሊንጉ (ዕቃው የሚታሰርበት ገመድ)፣ ሻክሉ (ማያያዣ ብረቱ)፣ ማራዘሚያ ብረቱ፣ የታጠፈው ጂብ ተቀናሽ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 3.2 ቶን ጄነሬተር 18 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ልናወጣ ነው። መንጠቆ ብሎኩ 0.5፣ ስሊንጉና ሻክሉ 0.2፣ የጂቡ ተቀናሽ 0.4 ቢሆን ድምሩ 4.3 ቶን ይሆናል። የጄነሬተሩን ክብደት ከሰሌዳው አንብቡ። ነዳጅና ዘይት ሞልቶ ከሆነም ጠይቁ። በግምት የሚነገር ክብደት ላይ ሥራ አይሠራም።

የገመዱንም ድርሻ እዩ። ዊንቹ (ገመዱን የሚጠቀልለው ማሽን) በአንድ ገመድ 4 ቶን የሚስብ ከሆነና መንጠቆው በሁለት ገመድ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ቡሙ 20 ቶን ቢችል እንኳ ከ8 ቶን በላይ አይነሳም።

ደረጃ 4፦ ቡሙን ወረቀት ላይ ሳሉት

አብዛኛው ያልተሳካ ማንሳት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሠንጠረዡ «ይችላል» ይላል፣ ቡሙ ግን ሕንፃውን ይነካል።

በምሳሌያችን ከክሬኑ ማዕከል እስከ ግድግዳው 6 ሜትር አለ። ጄነሬተሩ ከጠርዙ 6 ሜትር ወደ ውስጥ ይቀመጣል። ራዲየሱ 12 ሜትር ሆነ። አሁን የቡሙ ጫፍ ከፍታ። ሕንፃው 18፣ ፓራፔቱ (የጣሪያው ጠርዝ ግንብ) 1፣ ማሳለፊያ ክፍተት 0.5፣ ጄነሬተሩ ራሱ 2፣ ስሊንጉ 3፣ ብሎኩና ከቡሙ ጫፍ የሚርቅበት 2.5። ድምሩ 27 ሜትር።

የቡሙ ሥር ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ያለና ከማዕከሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። ስለዚህ ቡሙ 14 ሜትር ወደ ፊትና 24 ሜትር ወደ ላይ መሄድ አለበት። በፓይታጎረስ ሕግ 28 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ አካባቢ። ጥሩ ይመስላል።

ግን ግድግዳው ጋ እንፈትሸው። ግድግዳው ከቡሙ ሥር 8 ሜትር ይርቃል። እዚያ ላይ ቡሙ የሚደርስበት ከፍታ 16.7 ሜትር ብቻ ነው። የፓራፔቱ ጫፍ 19 ሜትር ላይ ነው። ቡሙ ሕንፃው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ጠርዙን በ1.5 ሜትር ለማለፍ ማዕዘኑ ወደ 65 ዲግሪ መነሳት አለበት። በዚያ ማዕዘን 12 ሜትር ራዲየስ ለማግኘት ቡሙ 34 ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ የምናየው የ28 ሳይሆን የ34 ሜትሩን አምድ ነው። ያኛው አምድ ደግሞ ያንሳል። ይህንን ሥዕል በተመጠነ ወረቀት ላይ መሳል ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ክሬኑ ከመጣ በኋላ መገንዘብ ግን የቀኑን ኪራይ ይበላል።

ደረጃ 5፦ ሠንጠረዡን አንብቡ

በአግድም የቡም ርዝመት፣ በቁልቁል ራዲየስ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን አቅሙ ነው። ቁጥራችሁ በሁለት መስመሮች መካከል ከወደቀ ሁልጊዜ አነስተኛውን አቅም ውሰዱ። አማካይ እየሠራችሁ አታስሉ።

የኛ ክሬን በ34 ሜትር ቡምና በ12 ሜትር ራዲየስ 7 ቶን ይላል እንበል። 4.3 ለ7 ሲካፈል 61 በመቶ ነው፤ ምቹ ሥራ። ክሬኑ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢገፋና ራዲየሱ 15 ሆኖ ሠንጠረዡ 4.9 ቢሰጥስ? 88 በመቶ ደረስን። ዕቃው ያው፣ ክሬኑም ያው። ለዚህ ነው ክሬኑ የሚቆምበትን ቦታ ሌላ መኪና እንዳይይዘው ከዋዜማው ማስከበር የሚያስፈልገው።

ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አደጋ አይናገሩም። ቅርብ ራዲየስ ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የጥንካሬ ገደብ ናቸው፤ ካለፋችሁት የሚሰበረው ብረት ነው። ሩቅ ላይ ያሉት የመገልበጥ ገደብ ናቸው። ብዙ ሠንጠረዦች ሁለቱን በደማቅ መስመር ወይም በጥላ ይለያሉ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (ኤኤስኤምኢ) ያወጣው ቢ30.5 ደረጃ በአውትሪገር ለቆመ ክሬን ከመገልበጫው ክብደት 85 በመቶ፣ ለክሮለር 75 በመቶ ብቻ ይፈቅዳል። «ክሬኑ ሲቀልለኝ ይሰማኛል» የሚል ልምድ ያለው ኦፕሬተር አለ። በመገልበጥ ክልል ውስጥ ምናልባት ይሰማው ይሆናል። በጥንካሬ ክልል ውስጥ ግን አውትሪገሩ ሳይነቃነቅ ቡሙ ይሄዳል።

ክሬኑ ውስጥ ጭነቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም የሚያውቀው የተነገረውን ነው። የአውትሪገሩ አዘረጋግ፣ የገመዱ ቁጥር፣ ጂቡ መኖሩ በትክክል ካልተሞላ አረንጓዴ መብራቱ ትርጉም የለውም።

ደረጃ 6፦ መሬቱንና ዙሪያውን አዘጋጁ

ሠንጠረዡ የሚሠራው ክሬኑ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ሲቆም ነው። 40 ቶን የሚመዝን ክሬን 4.3 ቶን ሲያነሳ አንዱ አውትሪገር ላይ ከጠቅላላው ሦስት አራተኛው፣ 33 ቶን ያህል፣ ሊያርፍ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። የእግሩ ሰሌዳ 40 ሳንቲ ስፋት ያለው ክብ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ260 ቶን በላይ ጫና ነው። 1.2 በ1.2 ሜትር የሆነ ጠንካራ ንጣፍ ብታነጥፉለት ወደ 23 ቶን ይወርዳል። ክረምት ላይ ለራሰ ዋልካ አፈር ይህም ብዙ ነው፤ የራሰውን አፈር አስወጥቶ በጠጠር መደልደል ያስፈልጋል። ሁለት ቁራጭ ጣውላ ንጣፍ አይባልም። ከቤዝመንት ቁፋሮ ጠርዝ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድና አዲስ ከተሞላ አፈር ራቁ።

የኤሌክትሪክ መስመርም ከቡሙ ርዝመት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ለጠርዙ ብላችሁ ያረዘማችሁት ቡም ሲዞር የት እንደሚደርስ እዩ። የአሜሪካ ደንብ እስከ 50 ኪሎቮልት ለሚደርስ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ ያሉት የኛ 15 ኪሎቮልት መስመሮች በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የሚሻለው ማስጠፋት ነው።

ንፋስ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የብዙ ተንቀሳቃሽ ክሬኖች ሠንጠረዥ በሰከንድ 9 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፤ የናንተን ከመጽሐፉ አረጋግጡ። ሰፊ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጣሪያ ቆርቆሮ ጥቅል ወይም ባዶ ታንከር፣ ከዚያ በታችም ይንሳፈፋል።

ረጅም ቡም መንጠቆው ባዶ ሆኖም ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 መካ ታላቁ መስጊድ ላይ በኃይለኛ ንፋስ የወደቀው ክሮለር ክሬን ከ100 በላይ ሰው ገደለ። ቡሙ ሳይወርድ ቆሞ ነበር፤ በሰዓቱ የሚያነሳው ዕቃ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ሌላ ክሮለር ክሬን ንፋስ መጣ ተብሎ ቡሙ ሊወርድ ሲል ተገለበጠ፣ አንድ መንገደኛም ሞተ። ምርመራው ያመለከተው ዋናው ቡም ከሚፈቀደው ማዕዘን በታች መውረዱን ነው። የራሱ የቡሙ ክብደት ራቀና ክሬኑን ይዞት ሄደ። ቡም ማውረድም እንደ ማንሳቱ በሠንጠረዥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ሙከራና ማንሳት

ምልክት ሰጪ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ዕቃውን ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ብቻ አንሱትና አቁሙ። አራቱንም አውትሪገሮች ዞራችሁ እዩ። አንዱ ንጣፍ እየሰጠመ ነው? ስሊንጉ ተስተካክሏል? ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ክብደት ከደመራችሁት ጋር ይቀራረባል? 4.3 ብላችሁ 5.5 ካሳየ አውርዱትና ልዩነቱን ፈልጉ። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነም በዚህ ጊዜ ይታያል።

ከዚያ በቀስታ። ሲነሳ፣ ሲዞር፣ ሲያርፍ ድንገተኛ እንቅስቃሴ የለም። ከጭነቱ ሥር ሰው አይቆምም፤ ዕቃው በረጅም ገመድ ከሩቅ ይመራል።

መሃል ላይ ማንቂያው ከጮኸ ኦፕሬተሩ ቶሎ ላስቀምጠው ብሎ ቡሙን ወደ ታች እንዳያጋድል። ያ ራዲየሱን ያሰፋዋል፣ ነገሩንም ያባብሰዋል። ቡም ማስረዘምም አይቻልም። ከታች ነፃ ቦታ ካለ ዕቃው በዊንቹ ገመድ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ከሥሩ ጣሪያ ወይም ሰው ካለ ቡሙ በቀስታ ቀና ይበል፣ ራዲየሱ ይጥበብ፣ ከዚያ ክሬኑ ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ በዊንች ያውርድ። ይህን ቅደም ተከተል ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ከኦፕሬተሩና ከምልክት ሰጪው ጋር ተነጋገሩበት፤ ማውረጃ የሚሆነውን ባዶ ቦታም በኖራ አስምሩ።